«እንስሳ እንኳ አያደርገውም» ሃይማኖታዊ ማስረጃ ይሆናል?

የቀበናው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን በቲክቶክ ላይቭ ስለ ግብረ ሰዶም የሚደረገውን ክርክር ስሰማ ነው የከረምኩት። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም ገብቶበታል። በብዙ ነገር አይስማሙም። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ «ይሄ ከተፈጥሮ ውጪ ነው፤ እንስሳ እንኳ አያደርገውም» ይላሉ። ከወዲያ ያለው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ሁለት ወንድ ፔንግዊኖች ያሳያል። «ይኸው ያደርጋል፤ ስለዚህ ተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ ችግር የለውም።» ከዚያ ጩኸት ነው። ከዚያ ብሎክ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ቤተክርስቲያን የምታስተምረውን ልቀይር አልመጣሁም። ጥያቄዬ ስለ ማስረጃው ነው። በእኔ እይታ ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት ስህተት አንድ ነው። አንድ ነገር እንስሳ ዘንድ መኖሩም ሆነ አለመኖሩ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። በሬ አይጾምም። ዶሮ ንስሐ አትገባም። እኛ ግን ታዘናል። ታዲያ መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ማስረጃ ፍለጋ ጫካ ምን ይሠራል?

እስቲ ተወያዩበት። ስድብ ግን አልፈልግም።


ሻይ_በዳቦ

አቦ ይሄም ክርክር ሆነ? ነውር ነውር ነው። በቃ።


የቀበናው

ነውር ነው ማለት ትችላለህ፤ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኔ የጠየቅኩት እንስሳውን ለምን እንደምንጎትተው ነው።


ሰላሌ_ወተት

የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። «እንስሳ እንኳ አያደርገውም» የሚለው ከተማ ያደገ ሰው ነው። ሰላሌ ውስጥ ላም ያለው ገበሬ እንዲህ አይልም። ላሟ ኮርማ መፈለጓን በምን የምናውቅ ይመስላችኋል? ትጮኻለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይወርዳል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ሌላ ላም ስትወጣባት ሳትሸሽ ቆማ ስትቀበል ነው። ገበሬው ያንን ሲያይ ይደውልልኛል። ጠዋት ከታየባት ማታ፣ ማታ ከታየባት በነጋታው ጠዋት አዳቅላታለሁ። ሴት በሴት ላይ ወጣች ብሎ «ጉድ ፈላ» ያለ ገበሬ እስካሁን አልገጠመኝም። ደስ ነው የሚለው፤ ጥጃ ሊመጣ ነዋ።

ይሄን ስል ግን «ስለዚህ ለሰው ተፈቅዷል» ማለቴ አይደለም። ላሟ ፍቅረኛ አልያዘችም፤ ሆርሞን ነው። ስለ ትዳር ከከብት መማር የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ኮርማው ስንት ሚስት እንዳለው ይቁጠር።


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። የቀበናው፣ ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ግማሹን ግን ቸኩለሃል።

ቤተክርስቲያን ስለ ባሕርይ ስትናገር እንስሳ የሚያደርገውን ቆጥራ አይደለም። ሰው ለምን እንደተፈጠረ ነው የምትናገረው። ሮሜ 1ን ክፈት። ሐዋርያው «ሴቶቻቸውም ለባሕርያቸው የሚገባውን ሥራ ለባሕርያቸው በማይገባው ለወጡ» ይላል። እዚህ ቁጥር ላይ ብቻ አትቁም፤ ትንሽ ወደ ላይ ውጣ። ነገሩ የሚጀምረው ሰዎች የፈጣሪን ክብር በሰው፣ በወፍ፣ በአራት እግር እንስሳና በሚሳብ ነገር መልክ መለወጣቸው ላይ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ዓይኑን ከፈጣሪ ነቅሎ ወደ እንስሳ ያዞረ ሰው የሚወቀስበት ምዕራፍ ነው። ይሄንኑ ምዕራፍ ይዞ «ውሻን ተመልከቱ» የሚል ሰባኪ ምዕራፉን ገልብጦ ነው ያነበበው።

ጌታም ስለ ፍቺ ሲጠየቅ «ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም» ነው ያለው። መለኪያው ጥንተ ተፈጥሮ ነው፤ ከአዳም ውድቀት በፊት ያለው። ዛሬ የምናየው ዓለም ሞትም፣ በሽታም፣ መባላትም ገብቶበታል። ስለዚህ «እንዲህ ሆኜ ተወለድኩ» የሚለውም፣ «እንስሳ አያደርገውም» የሚለውም በእኛ ዘንድ ዳኛ አይሆንም።

የማልስማማህ በዚህ ነው። መጽሐፍ ወደ ፍጥረት መመልከትን አይከለክልም። «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» ያለው ሰሎሞን ነው። ኢሳይያስም በሬ የገዛውን ያውቃል፤ እስራኤል ግን አላወቀም ብሎ ወቅሷል። ስለዚህ ፍጥረትን ጨርሰን ከጉባኤ አናስወጣውም።


የቀበናው

ዲያቆን፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሰሎሞን ጉንዳንን መረጠ። ለምን ጅብን አልመረጠም? ትጋት መልካም መሆኑን አስቀድሞ ስላወቀ ነው የምትተጋዋን የፈለገው። ጉንዳኗ ማሳያ ናት እንጂ ማስረጃ አይደለችም። የኛ ሰባኪዎች ግን እንስሳውን እንደ ምስክር ነው የሚያቆሙት። ምስክር ያቆመ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይመጣበታል።

ሌላም አለ። 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር መሆኑን «ተፈጥሮ እንኳ አያስተምራችሁምን?» ይላል። እንግዲህ ዋልድባ ሂድ። ፀጉሩ ተገምዶ ጀርባው ላይ የወረደ ባሕታዊ ታገኛለህ። ጎንበስ ብለን ነው የምንሳለመው። ሶምሶንም ምላጭ ራሱን ያልነካው ናዝራዊ ነበር። ታዲያ ይሄ «ተፈጥሮ» ሮሜ ላይ ብረት፣ ቆሮንቶስ ላይ ላስቲክ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

የቆሮንቶሱ ስለ ጉባኤ ሥርዓት ነው። የባሕታዊው ፀጉር ደግሞ ስእለት ነው። አባቶች «ከባሕርይ በታች» እና «ከባሕርይ በላይ» ብለው ይለያሉ። ድንግልና፣ ብሕትውና፣ አርባ ቀን መጾም ከባሕርይ በላይ ነው። ዝሙት ከባሕርይ በታች ነው። ሁለቱም ከተለመደው ይወጣሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ይለያያል።


የቀበናው

በጣም ደስ የሚል አከፋፈል ነው። ግን የቱ «በላይ»፣ የቱ «በታች» እንደሆነ የሚነግረን ማነው? ራሱ ተፈጥሮ አይነግረንም። መጽሐፉና ትውፊቱ ናቸው የሚነግሩን። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።


ወንጌል_ለሁሉ

ሮሜ 11፥24ንም ጨምሩበት። እዚያ ላይ እግዚአብሔር ራሱ የበረሓውን ወይራ «እንደ ፍጥረትህ ሳትሆን» ብሎ በመልካሙ ወይራ ላይ ያስገባዋል። አሕዛብ የዳኑት በዚህ ነው። ያው ጳውሎስ ነው፤ ያው መልእክት ነው። ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ ሁሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ እኛም ውጪ ነበርን። እኔ ግብረ ሰዶም ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። የማምነው ግን በሮሜ 1 ሙሉ ሐሳብ እንጂ በአንዲት ቃል አይደለም።


ጡረተኛው_መምህር

ልጆች፣ ይህ ክርክር ከእናንተ ቲክቶክ በፊት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ፕላቶን በ«ሕግጋት» ስምንተኛ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የአቴና ሽማግሌ ያቆምና ወንድ እንስሳ ወንድን ለዚህ ጉዳይ አይነካም ያሰኘዋል። ክርስትናም እስልምናም ገና አልመጡም። ስለዚህ «እንስሳ እንኳ» የሚለው አባባል ከመጽሐፍ ቅዱስ አልወጣም፤ ከአሕዛብ ፈላስፎች ቤት ነው ወደ ጉባኤያችን የገባው።

ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና 1740 ባሳተመው ሥራው ስለሆነው ነገር እያወሩ ሳለ ድንገት መሆን ስላለበት ነገር መናገር የሚጀምሩ ጸሐፊዎችን ታዝቧል። መሃል ላይ የተዘለለ እርከን አለ፤ ማንም አያሳየውም። ጆን ስቱዋርት ሚል ደግሞ ከሞተ በኋላ በ1874 በታተመው ጽሑፉ ሰው ቢያደርጋቸው የሚሰቀልባቸውን ነገሮች ተፈጥሮ በየዕለቱ ትሠራቸዋለች ይላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቤታችን ምሳሌ ነው። የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ያነበባችሁ አላችሁ? (ደራሲው ማነው የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» ካለ ወዲህ አልበረደም። ለኔ ነጥብ ማንም ይጻፈው።) «ሐተታ» ሁሉን ነገር የሚመዝነው በፈጣሪ ሥርዓትና በልቡና ብርሃን ነው። በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ተመቺ ማን ሆነ? ምንኩስና። ጋብቻ የፈጣሪ ሥርዓት ነው፤ ምንኩስና ይበልጣል ማለት የፈጣሪን ጥበብ መናቅ ነው ይላል። ቀጥሎ ከአንድ በላይ ማግባት ተመታ፤ ወንድና ሴት በእኩል ቁጥር ስለሚወለዱ። ቀጥሎ የወር አበባን ርኩስ የሚለው የኦሪት ሕግ። ቀጥሎ የጾም ሥርዓት።

የተፈጥሮን ክርክር ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተውሶ መመለስ አይቻልም ማለቴ ነው። ያመጣው ሰው ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው።


ሻይ_በዳቦ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ራስዎ ግን ምን ይላሉ? ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?


ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ የክሩ ጥያቄ እሱ አይደለም። ማስረጃው ይሠራል ወይ ነው። አይሠራም።


የጅማው

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለሌሎቻችሁም ሰላም። ከኛ በኩል ሰው አልገባም መሰለኝ።

እኛ ፊጥራ የምንለው አለ፤ አላህ ሰውን የፈጠረበት ሁኔታ ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በፊጥራ ላይ ይወለዳል የሚል ሐዲስ አለን። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊጥራ ማለት ሳይነካ የተተወ ተፈጥሮ ይመስለዋል። ግን ቡኻሪና ሙስሊም በሚባሉት የሐዲስ መጻሕፍት ላይ ከፊጥራ ናቸው ተብለው የተዘረዘሩትን አምስት ተመልከቱ። ግርዛት፣ የኀፍረት ፀጉር መላጨት፣ ሪዝ ማሳጠር፣ ጥፍር መቁረጥ፣ የብብት ፀጉር መንቀል። አምስቱም በራሱ የበቀለውን ማስወገድ ናቸው! ጥፍሩን ያበቀለው ተፈጥሮ ነው፤ ፊጥራ ግን ቁረጠው ይላል። ኦርቶዶክሶችም ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ትገርዛላችሁ፤ ያው ነው።

ቁርኣን ውስጥ የሉጥ (የሎጥ) ሕዝቦች ታሪክ ላይ «ከዓለማት አንድም አልቀደማችሁም» የሚል ትርጉም ያለው አንቀጽ አለ፤ ሱረቱል አዕራፍ። አንዳንድ ሰባኪዎቻችን ይሄን እስከ እንስሳ ይዘረጉታል። እኔ ግን መዘርጋቱ አይታየኝም። ሐራም ነው የምለው አላህ ስለከለከለው ነው። ነገ ሳይንቲስት ሺህ እንስሳ ቢያመጣ ሐላል አይሆንም። አንድም ባያመጣ ሐራምነቱ አይጨምርም። ጅብ በክት ይበላል፤ እኔ አልበላም። ጅቡን አማክሬ አይደለም።


እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁም የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ የቤት ችግር ነው ያለብኝ። የ15 ዓመት ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት «እንስሳ እንኳ አያደርገውም» ተባለ። መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር ስልኩን አወጣ። ቤት እስክንደርስ የፔንግዊኑን፣ የበጉን፣ የዝንጀሮውን ቪዲዮ ሁሉ አሳየኝ። «እማዬ፣ በዚህ ከዋሹኝ በሌላውስ?» አለኝ። ምን ልበለው? የግብረ ሰዶም ጉዳይ አይደለም እኔን የጨነቀኝ። «በሌላውስ» ያለው ነው።


ባዮሎጂ_3ኛ_ዓመት

እህቴ፣ ልጅሽ ያሳየሽ ቪዲዮ እውነት ነው። ዝም ብለሽ አትካጂው።

ታዋቂዎቹ ፔንግዊኖች ሮይና ሲሎ ይባላሉ፤ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበሩ ሁለት ወንዶች ናቸው። ጎጆ ሠርተው ድንጋይ ታቀፉ። ጠባቂዎቹ እንቁላል ሲሰጧቸው ታንጎ የምትባል ጫጩት ፈልፍለው አሳደጉ። ከዓመታት በኋላ ሲሎ ትቶት ከሴት ጋር ተጎዳኘ። ያኔ ደግሞ ያኛው ወገን «ይኸው ተመለሰ» ብሎ ጨፈረ። ፔንግዊኑ ንስሐ የገባ ይመስል!

የበጉም እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ከአውራ በጎች 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሴት እያለች ወንድን ይመርጣሉ። ይሄ ሰላሌ_ወተት ከነገረን የላሞች ጉዳይ ይለያል።

«እንስሳ አያደርገውም» የሚለው እስካሁን የቆየበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ያዩት ሰዎች ስለደበቁት ነው። ጆርጅ ማሪ ሌቪክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1912 አንታርክቲካ ላይ አዴሊ ፔንግዊኖችን ሲያጠና ወንድ ከወንድ፣ እንዲያውም ከሞተች ሴት ጋር ሲገናኝ አየ። ደንግጦ ማስታወሻው ላይ በግሪክ ፊደል ጻፈው፤ ሁሉም ሰው እንዳያነበው። በ1915 «ለኅትመት ያልሆነ» ተብሎ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ተባዛ። ለሕዝብ የወጣው በ2012 ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ። «እንስሳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ደህና ነው» ለሚሉት ስሜን ተራሮችን ላሳያቸው። የኛው ጭላዳ ዝንጀሮ። አዲስ ወንድ መጥቶ መንጋውን ሲቀማ የቀድሞውን ወንድ ግልገሎች ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ደግሞ በዚያን ጊዜ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ይቋረጣል። ከጭላዳ የእንጀራ አባትነትን የሚማር ይምጣ።

ለልጅሽ ይሄንን ብትነግሪው የተሻለ ነው። «ቪዲዮህ እውነት ነው፤ ቤተክርስቲያን የምታስተምረው ግን ከቪዲዮ አይደለም።»


የግዕዝ_ተማሪ

የእንስሳው ነገር ከተነሣ የጥንቱን ልጨምር። «ፊሳልጎስ» የሚባል ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የቆየ መጽሐፍ አለን። ስለ አንበሳ፣ ስለ ርግብ፣ ስለ እባብ እየተረከ ሃይማኖታዊ ትምህርት ያወጣል። ጅብ ላይ ሲደርስ አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ይሆናል ይላል። ከዚያ «አንተም እንደ ጅብ አትሁን» ብሎ የሮሜ 1ን ቃል ይጠቅሳል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ተገልብጧል። ዛሬ «እንስሳ አያደርገውም፤ አንተም አታድርግ» ነው። ያኔ «እንስሳ ያደርገዋል፤ አንተ ግን አታድርግ» ነበር። ትእዛዙ ያው ነው፤ እንስሳው ብቻ ነው ወንበር የቀየረው።


ባዮሎጂ_3ኛ_ዓመት

ይሄ በጣም ጥሩ ነው! የጅቡን ተረት ከ«ፊሳልጎስ» በፊት አርስቶትል ራሱ ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል። የተረቱ መነሻ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው የጥቁር ነጥብ ጅብ ሴቷ ነው፤ ብልቷ የወንድ ይመስላል። ሐረር በር ላይ ጅብ ሲመገብ ያያችሁ ሰዎች ትልቋንና አዛዧን ወንድ ብላችሁ ከሆነ ሴት ናት።


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ዕለታት ሲያስተምር ከአንድ የእባብና የባሕር ዓሣ ታሪክ መጀመሪያ ሚስት ባሏን ትታገሠው የሚል ትምህርት ያወጣል። ወዲያው ከዚያው ታሪክ የሌላውን ትዳር አታፍርስ የሚል ሌላ ትምህርት ያወጣል። አባቶች እንስሳውን የሚጠቀሙበት ለማስተማር ነው፤ ሕግ የሚያወጡት ከሌላ ነው። የዘመኑ ሰባኪ ይሄን ልዩነት ነው የጣለው።


ቁርጥ_ያለ

[ይህ አስተያየት በአወያዩ ተነሥቷል]


አወያይ

ሰውን መርገምና «ይገደሉ» ማለት በዚህ መድረክ ክልክል ነው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የለም።


ስም_የለሽ

የምትከራከሩበት ሰው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። «ተፈጥሮዬ ነው» ብዬ ማንንም ተከራክሬ አላውቅም። ዲያቆኑ ያለው ይገባኛል፤ ከውድቀት በኋላ የተወለደ ሰው ብዙ ነገር ይዞ ይወለዳል፣ ቁጣንም ጭምር።

እናንተ «ከተፈጥሮ ውጪ» ስትሉ ስለ ድርጊት የምታወሩ ይመስላችኋል። እኔ ስለ ራሴ ነው የምሰማው። «ኃጢአተኛ» ስትሉኝ ከእናንተ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ቅዳሴ ላይ ሁላችንም ኃጥኣን ነን። «እንስሳ እንኳ» ስትሉኝ ግን ከሰው ሰልፍ ታስወጡኛላችሁ። ወንድሜ ይሄን ቃል እራት ላይ ይለዋል። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ሽሮዬን እጎርሳለሁ፤ ውሃ አቀብሉኝ እላለሁ።

መልስ አልፈለግሁም። ቃሉ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ ብዬ ነው።


አወያይ

ማንም ሰው ስለ ስም_የለሽ ማንነት እንዳይጠይቅ፣ በውስጥ መስመርም እንዳይጽፍለት። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያለበት አገር ነው፤ የምትጽፉት ነገር ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቡ።


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

ስም_የለሽ ወንድሜ፣ ትምህርቱን ላለሳልስልህ አልችልም፤ የኔ አይደለም። «እንስሳ እንኳ» የሚለው ግን የቤተክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መድረክ ላይ ሕዝብ ለማሳቅና ለማስጨብጨብ የለመድነው ነው። ስለ ሰው እንዲህ መናገር ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ከሚለው ትምህርት ጋር ይጋጫል። ይሄን ጉባኤያችን ላይ አነሣዋለሁ።


ሻይ_በዳቦ

እኔ አሁንም ነውር ነው ባይ ነኝ። የእራቷ ነገር ግን ከበደችኝ። ወንድም፣ ብላ።


ባዮሎጂ_3ኛ_ዓመት

«እንዲህ ሆኜ ተወለድኩ» ስለሚለው አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ470 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ትልቅ የዘረመል ጥናት ወጥቶ ነበር። ብቻውን የሚወስን አንድ ዘረመል የለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ተጽዕኖ ያላቸው ብዙ ቦታዎች አሉ ነው ያለው። አንዱ ወገን «የለም ተባለ» ብሎ አሰራጨው። ሌላው «አለ ተባለ» ብሎ አሰራጨው። ጥናቱ ስለ ኃጢአትም ስለ መብትም አንድ ቃል አይወጣውም።


ካቶሊኳ

ከአዲግራት ነኝ፣ አሁን ሮም ነው የምማረው። የተፈጥሮን ሕግ ከሁሉም በላይ የያዘችው የኛ ቤተክርስቲያን ስለሆነች መግባት አለብኝ።

የቤተክርስቲያናችን ሊቅ ቶማስ አኳይናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተማረው የተፈጥሮ ሕግ ሰው በአእምሮው የሚደርስበት ነው። ሰውነታችን፣ ዝንባሌያችን፣ ልጅ መውለዳችን ወዴት እንደሚያመሩ አስቦ መልካሙን መለየት። የዱር አራዊት ፊልም ማየት አይደለም። (እውነቱን ለመናገር አኳይናስም በዚህ ጉዳይ ላይ ለእንስሳት ሁሉ የጋራ የሆነውን ተፈጥሮ ያነሣል። ስለዚህ እንስሳው ከኛም ደጅ ጨርሶ አልወጣም።) ትምህርተ ክርስቶሳችን ቁጥር 2357 ላይ ድርጊቱ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይቃረናል የሚለው በዚህ መንገድ ነው።

ግን የዓላማን ክርክር የያዘ ሰው ዋጋውን ይክፈል። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 «ሁማኔ ቪቴ» በተባለው መልእክታቸው የወሊድ መከላከያን የከለከሉት በዚሁ ክርክር ነው። የግንኙነት ዓላማ ልጅም ነው፤ ሆን ብለህ አትለየው ነው ያሉት። የራሳችን ምእመናን ስንቶቹ ተቆጡ! ቢሆንም ክርክሩ ወጥ ነው። እዚህ ክር ላይ «ከተፈጥሮ ዓላማ ውጪ» ካላችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ ቤት መርፌ፣ እንክብል ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው አለ? ለጎረቤት ሲሆን ተፈጥሮ፣ ለራስ ሲሆን ቤተሰብ ምጣኔ አይሆንም።


ሻይ_በዳቦ

ኧረ ካቶሊኳ ሁላችንንም አስገባሽን 😂


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

እህቴ፣ የኛ መልስ ይለያል። አብርሃምና ሣራ፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ መካን በነበሩበት ዘመን ሁሉ ትዳራቸው ትዳር ነበር። እግዚአብሔር ለአዳም «ረዳት» ነው ያለው፤ ልጅ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ ልጅ የጋብቻ በረከት ነው እንጂ ማረጋገጫው አይደለም።


የቀበናው

ዲያቆን፣ እንግዲያውስ ልጅ መውለድ ማረጋገጫው ካልሆነ «ወንድና ወንድ ስለማይወልዱ» የሚለውም ወደቀ ማለት ነው። የቀረህ «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» የሚለው ቃል ነው።


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

አዎ። እሱ ይበቃኛል።


ጡረተኛው_መምህር

ለአንተ ይበቃል፤ ለማያምነው ጎረቤትህስ? ሰዎች ተፈጥሮን የሚጠሩት ለዚህ ይመስለኛል። መጽሐፉን የማይቀበል ሰው ፊት የሚያቆሙት ነገር ያስፈልጋቸዋል። በተለይ ነገሩ ከስብከት አልፎ ወደ ሕግ ሲገባ።


ዲያቆን_ዘስድስት_ኪሎ

ጋሼ፣ ለዚያ አባቶቻችን ሕገ ልቡና የሚሉት አለ። ከአዳም እስከ ሙሴ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ዮሴፍ ግን የጲጥፋራን ሚስት እምቢ ብሎ ልብሱን ጥሎ ሸሸ። «አታመንዝር» የሚል ጽላት አላየም። ሮሜ 2 ላይም ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ሕግ በልባቸው እንደተጻፈ ይናገራል። ከማያምነው ጋር የምንነጋገረው በዚህ ነው እንጂ በጅብ አይደለም።


ጡረተኛው_መምህር

መልካም። ግን ዘርዓ ያዕቆብም ልቡናውን ነበር የጠየቀው። ልቡናው የነገረው ምንኩስና ስህተት ነው ብሎ ነው። ስም_የለሽም ልቡና አለው። ሁለት ልቡናዎች ሲለያዩ ዳኛው ማነው?


ካቶሊኳ

ጋሼ፣ ዳኛው ክርክሩ ራሱ ነው፤ ምክንያት አቅርቦ መሟገት። «ልቤ ነገረኝ» ብሎ የሚያቆም የተፈጥሮ ሕግን አልያዘም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አገር በሕግ የሚከለክለው ኃጢአትን ሁሉ ነው ወይስ ሌላውን የሚጎዳውን? አኳይናስ ራሱ የሰው ሕግ ክፋትን ሁሉ መከልከል የለበትም፤ በዋናነት ሌላውን የሚጎዳውን ይከልክል ይላል። ይሄን የሚጠቅስ ግን አልሰማሁም።


ጡረተኛው_መምህር

እሱን ማለትሽ ጥሩ ነው። በዝርዝር ብትጽፊው አነባለሁ።


አወያይ

የሕጉን ጉዳይ በሌላ ክር ክፈቱት። ይሄ ስለ ተፈጥሮ ነው፤ ረዝሟል።


የቀበናው

እሺ፣ ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ። የካቶሊኳን ጥያቄ ከላይ አደርገዋለሁ። ዲያቆን፣ አንተም ና፤ አንቀጹን አንብበህ ግን።